ከቦሌ ዋሽንግተን ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት፦ መንገዱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ ለምን ተለያየ?

ጥያቄው የመጣው ከሰበታ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «እህቴ ዋሽንግተን ልትወልድ ስለሆነ እናቴ ልታርሳት ትሄዳለች። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራውም 13 ሰዓት ነው ይላል። ትኬቷ ላይ ግን ስትሄድ 17 ሰዓት፣ ስትመለስ 13 ሰዓት ነው። መንገዱ ያው አይደል? ትኬት የቆረጠልን ኤጀንት ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ሸጦልን ይሆን? ደግሞስ ከሰበታ ስንት ሰዓት ብንነሳ ይሻላል?»

መጀመሪያ ልብህ ይረፍ። ማንም አላታለላችሁም። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው።

እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት ዲስፓቸር ሆኜ ነው። አውሮፕላኑ በየት በኩል ይሂድ፣ ስንት ነዳጅ ይያዝ፣ ስንት ኪሎ ይጫን የሚለውን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ማለት ነው። ይህን ጥያቄ በየሠርጉና በየለቅሶው ስጠየቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ እንኳን ተደላድዬ ልመልሰው።

ከርቀቱ እንጀምር። ያየኸው 11,500 ምናምን ኪሎ ሜትር በምድር ክብ ላይ የተለካ አጭሩ መስመር ነው። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ካርታ ብታየው ይሸውድሃል። ካርታው ላይ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብታገናኝ መስመሩ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ወጥቶ አትላንቲክን የሚሻገር ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። የልጆች ኳስ ውሰድና በሁለቱ ከተሞች ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርግ። ከዚያ ክር ወጥረህ አገናኛቸው። ክሩ ወደ ሰሜን ይለመጣል። በትክክለኛው ምድር ላይም አጭሩ መስመር ከቦሌ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ የሜዲትራኒያንን ጫፍ ይነካል። ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦም አትላንቲክ ውስጥ ይገባል።

አውሮፕላኑ ግን ክር አይደለም። ሰማይም እንደ መሬት ድንበርና ኬላ አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ወር ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚወጡ በረራዎችም ዙሪያ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ድረ ገጹ ግን ያን ጊዜም ያንኑ ኪሎ ሜትር ነበር የሚናገረው። የሚያውቀው ሁለቱን ነጥቦች ብቻ ነዋ።

13 ሰዓት ያለህም በዚሁ ስሌት ነው። ርቀቱን ለአንድ ቋሚ ፍጥነት፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ያካፍለዋል። ለአጭር በረራ ይህ ብዙም አይሳሳትም። እኔም ለዘመድ የምሰጠው ቀላል ዘዴ አለኝ። የአየር ርቀቱን ለ850 አካፍለው፣ ለማኮብኮብ፣ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምር። ድሬዳዋ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አንድ ሰዓት አይሞላም። ዱባይ 2,500 ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ይወጣል፤ ትኬቱ ላይ አራት ሰዓት አካባቢ ታገኛለህ። አየር መንገዶች ጊዜውን ጠበቅ አድርገው አይጽፉም። የሚቆጥሩትም አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ እዚያ ሄዶ በሩ ጋ እስኪቆም ድረስ ያለውን ነው።

እንደ ዋሽንግተን ባለ ረጅም በረራ ላይ ግን ዘዴው አይሠራም። ሁለት ነገር ያፈርሰዋል፤ ንፋሱና ቦሌ ራሱ።

ንፋሱ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ኬክሮስ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ንፋስ አለ። የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። በእነሱ ክረምት ደግሞ ይበረታል። እናትህ ሲሄዱ ይሄ ንፋስ ግንባራቸውን ይመታቸዋል። ሲመለሱ ከኋላ ይገፋቸዋል። በዚህ ብቻ የአንድና የሁለት ሰዓት ልዩነት ሊመጣ ይችላል።

ትልቁ ነገር ግን ቦሌ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ የምወደው ርዕስ ስለሆነ ነው።

የቦሌ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። ዳለስ 95 ሜትር ገደማ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቦሌ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ይሄን እናትህ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ከወጥ ቤታቸው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። ሽምብራው ድሬዳዋ ቶሎ በስሎ እዚህ ከሰል የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ሽምብራውን ያዘገየው አየር አውሮፕላኑንም ያስቸግረዋል። ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሳው አየር ተደግፎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት መሬት ላይ የበለጠ መፍጠን አለበት። ሞተሩ ደግሞ የሚስበው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ልብ በል፤ የበለጠ መፍጠን አለብህ፣ ግን ጉልበትህ ቀንሷል። ማኮብኮቢያው ማለቂያ አለው። የቦሌ ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው። ጎማውም ከዚህ በላይ አትሽከርከርብኝ የሚልበት የፍጥነት ጣሪያ አለው።

በዚህ ላይ ተራራው አለ። ሰበታ ከሆንክ ወጨጫን በየቀኑ ታየዋለህ፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በዚያ በኩል እንጦጦ፣ በዚህ በኩል የረር። የበረራ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ልክ ልትነሳ ስትል አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ በቀረው ሞተር ከፊትህ ያለውን መሰናክል በሙሉ በበቂ ከፍታ ማለፍ መቻል አለብህ። ማለፍ የማትችል ከሆነ ክብደት ቀንስ። እኛ ማታ ማታ የምናሰላው ይሄን ነበር። የቀኑ ሙቀት ስንት ነው? ንፋሱ ከየት ነው? ማኮብኮቢያው እርጥብ ነው? መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ከዚህ ኪሎ በላይ አይነሳም የሚል።

አሁን ነዳጁን አስብ። ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787-8 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይጠጣል። 5 ቶን ማለት 50 ኩንታል ነው፣ አንድ ሙሉ አይሱዙ ጭነት። ፊት ለፊት ከሚመጣው ንፋስ ጋር እየታገለ በቀጥታ ዋሽንግተን ይድረስ ካልክ ወደ 15 አይሱዙ ነዳጅ፣ ከዚያም ላይ መጠባበቂያ ይዞ መነሳት አለበት። ባሕር ዳርቻ ቢሆን ይነሳል። አውሮፕላኑ የተሠራው እስከ 228 ቶን ድረስ ሆኖ እንዲነሳ ነው። ቦሌ ላይ ግን ያን ያህል ተሸክሞ አይነሳም።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ መቀመጫዎቹን ባዶ ትተህ፣ ሻንጣውንም መሬት ላይ አስቀርተህ ነዳጅ ትሞላለህ። ወይ ሰውና ሻንጣ ሞልተህ፣ ነዳጁን ቀንሰህ ትነሳና መንገድ ላይ ዝቅ ያለ ቦታ አርፈህ ትሞላለህ። ባዶ ወንበር ይዞ አሜሪካ መሄድ ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መንገደኛ ሁለት ሁለት ሻንጣ አለው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የእናትህ ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ አልጠይቅህም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ አጥሚቱ፣ አብሹ። ሁሉም ይመዘናል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። የሜክሲኮና የቦጎታ አየር ማረፊያዎችም እንዲሁ ከፍታ ላይ ናቸው። (ሜክሲኮ ስል አደባባዩን አይደለም።) ከእነሱም የሚነሳ ረጅም በረራ በዚሁ ስሌት ውስጥ ያልፋል።

እና የት ያርፋል? ቦታው በየዘመኑ ተቀያይሯል። ሮም ነበረ፣ ደብሊን ነበረ፣ የቶጎዋ ሎሜም አለች። ኤጀንቱን የጠረጠርክበት «ዙሪያ ጥምጥም» እንግዲህ ይሄ ነው። ካርታ ላይ ስታየው ደብሊን ሩቅ ሰሜን ትመስላለች። ስታሰላው ግን በደብሊን በኩል መሄድ ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የኳሱን ክር አስታውስ፤ መንገዱ ቀድሞውኑ ወደዚያ ያዘነበለ ነው። ሎሜ ስትሆን ትንሽ ትበዛለች፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች። ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፣ አየሯ ወፍራም ነው፣ አውሮፕላኑ የፈለገውን ያህል ነዳጅ ይዞ ይነሳል። የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛም ይሳፈርባታል።

እንግዲህ 17ቱን ሰዓት እንዲህ ቁጠረው። ቀጥታ ቢሆን 13 ነበር። የፊት ንፋሱ አንድ ሁለት ሰዓት ይጨምራል። ማረፊያው የሚያስረዝመው መንገድ አለ። መሬት ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚሞላበት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አለ። ሞላ።

ሲመለሱ ሁሉም ይገለበጣል። ዳለስ ዝቅ ያለ ነው፣ ማኮብኮቢያው ረጅም ነው፣ ነዳጁን ግጥም አድርጎ ይሞላና ንፋሱ እየገፋው በቀጥታ ቦሌ ይመጣል። ማረፍ ደግሞ እንደ መነሳት አይደለም። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛው ነዳጅ አልቆ፣ ቀሎ ነው የሚያርፈው።

አንድ የቆየ ታሪክ እዚህ ጋ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሰኔ መግቢያ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ተረክቦ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ አመጣው። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ርቆ በሮ አያውቅም ነበር። ብዙ ሰው በኩራት ያወራዋል፣ ያኮራልም። ግን አቅጣጫውን አስተውል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ነው። በተቃራኒው ከቦሌ ተነስቶ ያን ሪከርድ አይሞክረውም ነበር።

ለዚህ ነው ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራውን አዲሱን አየር ማረፊያ እኛ የሙያው ሰዎች ከስፋቱ ይልቅ ከፍታውን አይተን የወደድነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት። 400 ሜትር ዝቅታ ለመንደር ሰው ምንም አይደለም። ለተጫነ አውሮፕላን ግን ብዙ ነው።

ረጃጅሞቹ በረራዎች ማታ መነሳታቸውም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ዋናው ምክንያት ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጣው ትራንዚት እስኪሰበሰብ ነው። ግን ማታ ሲቀዘቅዝ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ለመነሳት ይረዳል። አንዳንድ ቀን ሙቀቱ አልወርድ ብሎ ቴርሞሜትሩን ቆመን ስናይ፣ በመጨረሻ «ካርጎ ይቀነስ» ብለን ስንደውል፣ የአበባው ካርቶን ተመልሶ ሲወርድ አይቻለሁ። አንዳንዴ የናንተው የሰበታ አበባ ይሆናል።

አሁን ወደ ትኬቱ። ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የናንተን ስላላየሁ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ 22:40 ተነስቶ ዋሽንግተን 08:40 ይደርሳል እንበል። ብትቀንሰው አሥር ሰዓት ይመስላል። ሲመለሱ ደግሞ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ። ይሄ 20 ሰዓት ይመስላል። ስንቱ ነው «መሄዱ አጭር መመለሱ ረጅም ነው» ብሎ የተከራከረኝ! የተገላቢጦሽ ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው ከኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እነሱ በመጋቢትና በኅዳር ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። ሲሄዱ ሰባት ጨምር፣ ሲመለሱ ሰባት ቀንስ፤ 17 እና 13 ይመጣልሃል።

22:40 በኛ ከምሽቱ 4:40 ነው። ይሄንን ብዙ ሰው አይስተውም። የሚሳተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። አክስቴ በአንድ ወቅት ወደ ዱባይ ስትሄድ ትኬቷ «12ኛው ቀን፣ 00:35» ይል ነበር። እሷ የ12ኛውን ቀን ማታ ብላ በነጠላዋ ተጠቅልላ፣ ቤተሰብ አስከትላ ሄደች። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ነው የቀረው። የኛ ሰው ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ሌሊቱ የዋለው ቀን ነው። ለፈረንጅ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑ ተቀየረ። ስለዚህ 00 ወይም 01 የሚል ሰዓት ካየህ፣ ከቤት የምትወጡት ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጠህ፣ «ማክሰኞ ማታ» ብለህ በቃል ጽፈህ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው።

ሌላው ለእናትህ የሚነገር ነገር። መንገድ ላይ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው እንዳይነሱ። ሰው ይነሳል፣ ሻንጣ ያወርዳል፣ በር ይከፈታል። ሠራተኞቹ ውረዱ ካላሏቸው ከመቀመጫቸው አይነሱ። በወረቀት ላይ «ዋሽንግተን ነው የምወርደው» ብለህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈህ ከፓስፖርቱ ጋር አድርግላቸው። እስከዚያ ውሃ ይጠጡ፣ እግራቸውን ያፍታቱ። 17 ሰዓት እግር ያሳብጣል።

ከሰበታ መነሻ ሰዓት ጠይቀሃል። እውነቱን ልንገርህ፤ ከአትላንቲክ በላይ ያለውን ሰዓት ለማስላት ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ያለውን ከማስላት ይቀላል። በረራው ከመነሳቱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መገኘት ነው። ለ22:40 ከሆነ ማለት ከምሽቱ 1:40 ላይ። ችግሩ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ያለው የሥራ መውጫ ነው። ከካራ ቆሬ በኋላ ቀለበት መንገዱን እስክትይዙ የከባድ መኪናውና የሚኒባሱ ሰልፍ አይገፋም። እኔ ብሆን 10 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣ ነበር። ቀድሞ ደርሶ መኪና ውስጥ ቆሎ መቆርጠም ይሻላል። ተርሚናሉ ውስጥ የሚገባው መንገደኛ ብቻ ስለሆነ ስመውና መርቀው የሚሸኙት ሁሉ ሥራቸውን ቤት ጨርሰው ይምጡ። በሩ ጋ ጊዜ የሚበላው መሳሳሙ ነው።

ሲመለሱ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። መስመሩን ወደ ምዕራብ ብታስረዝመው ሰበታ ላይ ያርፋል ማለት ይቻላል። ንፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን አውሮፕላኖቹ የሚያርፉት በናንተ በኩል መጥተው ነው። ከጣሪያህ በላይ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጎማ ሊያወጣ ሲዘጋጅ ታየዋለህ። ከዚያ እስከ ማኮብኮቢያው በአየር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ «እማዬ መጣች!» ብላችሁ ከግቢ አይታችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ እሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተው እናንተ ገና ዓለም ገና ናችሁ። ከዋሽንግተን ተነስቷል የሚል መልእክት ሲደርስህ 13 ሰዓት ቁጠርና፣ ከዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ቀንሰህ መኪናውን አስነሳ።